የመኪና ቴፕና የኤምፒ3 ሲዲ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አዳዲስ መኪኖች የሲዲ መክተቻ ካስቀሩ ቆይተዋል። በየከተማችን የሚሽከረከረው ያገለገለ መኪና ግን ገና ሲዲ ይጎርሳል። ሲዲ በወጉ የሚጽፍ ሰው እያነሰ ስለመጣ ደግሞ ጥያቄው በዝቷል። ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ «ቴፑ ተበላሸ» ብለው ይጀምራሉ። ዝርዝሩን ስናነብ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሲዲው ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ የተፈጠረ ሆኖ እናገኘዋለን። ቴፑን ከማስፈታታችሁ በፊት እስኪ ይህን እዩት። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ ተመሳሳዮቹንም አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ 150 ዘፈን ያለበት ሲዲ ጽፎ ሰጠኝ። በእሱ መኪና ይጫወታል። የእኔ ቴፕ ግን ትንሽ ያሽከረክረውና «ኤረር» ብሎ ይተፋዋል። ከሱቅ የገዛኋቸው ሲዲዎች በደንብ ይሠራሉ። ቴፑ አርጅቶ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ የገዟቸው ሲዲዎች ከሠሩ ሞተሩም ሌንሱም ጤነኛ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ሲዲው ላይ በተጻፈው ነገር ነው።

ከሱቅ የሚገዛው ኦዲዮ ሲዲ ነው። ድምፁ ሳይታመቅ፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና እየተወሰደ፣ እያንዳንዱ ናሙና በ16 ቢት ተጽፎ ይቀመጣል። ለግራና ለቀኝ ድምፅ ሲደመር በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይመጣል። 700 ሜጋባይት የሚባለው ባዶ ሲዲም በዚህ አጻጻፍ 80 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። የእኛ ዘፈን አምስት ስድስት ደቂቃ መሄድ ስለሚወድ፣ ከ13 እስከ 16 ዘፈን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያው የሲዲ ማጫወቻ ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ ይህን አጻጻፍ የማያነብ የሲዲ ማጫወቻ የለም።

ጎረቤትዎ የሰጡዎት ደግሞ ዳታ ሲዲ ነው። ፎልደርና ፋይል ያለበት፣ እንደ ፍላሽ ያለ ነገር። ዘፈኖቹ በኤምፒ3 ታምቀዋል። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ከሆኑ አንድ ደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 150 ዘፈን ይገባል። ቴፑ ይህን ለማጫወት ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ የፎልደሩን ዝርዝር ማንበብና የታመቀውን ፋይል መፍታት። የሚፈታው ዲኮደር የሚባል ቺፕ ነው። እሱ የሌለው ቴፕ ሲዲውን አሽከርክሮ፣ የሚያውቀውን የዘፈን ማውጫ ፈልጎ ሲያጣ ይተፋዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የቴፑን ፊት ይመልከቱ። ከመክተቻው አጠገብ ወይም ከታች ጥጉ ላይ «ኤምፒ3» ወይም «ደብሊውኤምኤ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ካለ ዲኮደር አለው። የተለመደው የኮምፓክት ዲስክ ምልክት ብቻ ካለና የመኪናው መመሪያ መጽሐፍም ስለ ኤምፒ3 ምንም ካላለ፣ ምንም ቢያደርጉት አያጫውትም። ያኔ ያለው አማራጭ እነዚያኑ ፋይሎች ኮምፒውተር ላይ «ኦዲዮ ሲዲ» የሚለውን መርጦ መጻፍ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ፈትቶ ይጽፋቸዋል፤ 80 ደቂቃ ሲሞላ ያቆማል። ዘፈኑ ኦዲዮ ሲዲ በመሆኑ ብቻ ግን ጥራቱ አይጨምርም። ሲታመቅ የወደቀው ድምፅ እንደወደቀ ይቀራል።

ጽሑፉ ኖሮ እምቢ ካለ ሦስት ነገር ይጠርጥሩ፦ ሲዲው «ዩዲኤፍ» በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ተጽፏል፣ ሲጻፍ አልተዘጋም፣ ወይም ደጋግሞ የሚጻፍበት ዓይነት ሲዲ ነው። የጎረቤትዎ ቴፕ አዲስ ከሆነ እነዚህን ሁሉ ችሎ ሊያልፍ ይችላል። ሦስቱንም ከዚህ በታች እናያቸዋለን።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 10 ባለው ላፕቶፕ ለአባቴ መኪና ሲዲ መጻፍ እፈልጋለሁ። ሦስት ሲዲ አበላሸሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረጃ በደረጃ ንገሩኝ። (ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ላፕቶፕህ የሲዲ መክተቻ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ መጻፊያ ያስፈልግሃል። ከላፕቶፑ መሰኪያ በቀጥታ ሰካው፤ በማከፋፈያ በኩል ከሆነ ኃይል አንሶት መሐል ላይ ጽሑፉን ሊያቋርጥ ይችላል። አንዳንዱ ባለሁለት ጫፍ ገመድ ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ሁለቱንም ጫፍ ሰካ።

ባዶ ሲዲ ስትገዛ «ሲዲ-አር»፣ 700 ሜጋባይት፣ 80 ደቂቃ የሚለውን ውሰድ። 800 ወይም 900 ሜጋባይት የሚሉትን ተዋቸው። ትርፉ ቦታ የተገኘው የጽሑፉን መስመር ከደረጃው በላይ በማጠጋጋት ስለሆነ የመኪና ቴፕ ይቸገርበታል።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ክፈትና ዘፈኖቹን በዚያ ውስጥ በንዑስ ፎልደር ከፋፍላቸው፤ አንዱ የትዝታ፣ አንዱ የጉራጌ፣ አንዱ የመዝሙር። ፎልደር ውስጥ ፎልደር አታብዛ፤ አንድ ደረጃ ይበቃል። ጥንታዊው የሲዲ ፋይል ደንብ፣ አይኤስኦ 9660 የሚባለው፣ ከስምንት ደረጃ በላይ አይፈቅድም። ብዙ ቴፖችም ከ255 በላይ ፋይል ሲያዩ ቀሪውን እንደሌለ ይቆጥሩታል። የአባትህ መኪና መመሪያ ትክክለኛውን ቁጥር ይነግርሃል። ፎልደሩ ውስጥ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የጽሑፍ ፋይል አይኑር። ማክ ኮምፒውተር ላይ የዋለ ፋይል ከሆነ በነጥብና በታች ሰረዝ (._) የሚጀምሩ ድብቅ ፋይሎች አብረው ይመጣሉ። መጨረሻቸው ኤምፒ3 ስለሚል ቴፑ ዘፈን መስለውት ይደናቀፍባቸዋል፤ ድብቅ ፋይል የሚያሳየውን ምርጫ አብርተህ አጥፋቸው።

አሁን ባዶውን ሲዲ ክተት። ዊንዶውስ «ሲዲውን እንዴት ልትጠቀምበት ነው?» ብሎ ሁለት ምርጫ ያቀርባል። ሦስቱን ሲዲ ያበላሸብህ እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያው «ላይክ ኤ ዩኤስቢ ፍላሽ ድራይቭ» ይላል። ይህን ከመረጥክ ሲዲው በዩዲኤፍ አቀማመጥ ይዘጋጃል፤ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ መኪና ላይ አይከፈትም። ሁለተኛውን፣ «ዊዝ ኤ ሲዲ ኦር ዲቪዲ ፕሌየር» የሚለውን ምረጥ። በሚከፈተው መስኮት ላይ ፎልደሮቹን ጎትተህ ጣል፤ ገና አልተጻፉም፣ ተራ እየጠበቁ ነው። ከዚያ ከላይ «ፊኒሽ በርኒንግ» የሚለውን ተጫን።

ፍጥነት ይጠይቅሃል። 52 እጥፍ ቢልም ከ16 እስከ 24 ባለው ውስጥ ጻፍ። «በቀስታ በተጻፈ ቁጥር ይሻላል» የሚባለው ለድሮ ሲዲዎች ነበር። የዛሬዎቹ ለፈጣን ጽሑፍ ስለተሠሩ በ4 እጥፍ መጻፍ አንዳንዴ ያባብሰዋል። በከፍተኛው ፍጥነት ደግሞ የጽሑፉ ነጠብጣብ ቅርጹን ይስታል፤ ኮምፒውተር ታግሎ ቢያነበውም የመኪና ሌንስ ይዘልበታል።

ሲዲውን እስከ አፉ አትሙላው። ሲዲ ከመሐል ወደ ዳር ነው የሚጻፈው፤ ዳሩ ላይ መወላገዱም የጣት አሻራውም ይበዛል። 650 ሜጋባይት ገደማ ላይ ብታቆም የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች አይንተባተቡም።

በዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር የምትጽፍ ከሆነ ደግሞ «ዳታ ሲዲ» የሚለው መመረጡን አረጋግጥ። ኢምግበርን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለሚጽፍ፣ የፋይል አቀማመጡ ቦታ ላይ «አይኤስኦ 9660 እና ጆሊዬት» መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ሲከፈት ራሱ የሚያስቀምጠው ከዩዲኤፍ ጋር የተጣመረውን ነውና ቀይረው። በየትኛውም ፕሮግራም «ፋይናላይዝ» ወይም «ክሎዝ ዲስክ» የሚል ሳጥን ካየህ ምልክት አድርግበት። ያልተዘጋ ሲዲ ማውጫው ስለማይጠናቀቅ ብዙ ቴፕ «ዲስክ የለም» ይላል። ዛሬ 50 ዘፈን፣ በሳምንቱ ሌላ 50 እያሉ በአንድ ሲዲ ላይ መደራረብም ቀርቶብህ ይለፍ። አንዳንዱ ቴፕ የመጀመሪያውን ዙር ብቻ፣ አንዳንዱ የመጨረሻውን ብቻ ያነባል።

ጥያቄ፦ የዘፈኖቹን ስም በአማርኛ ጽፌ ነበር። ቴፑ ላይ የጥያቄ ምልክትና ሳጥን ሆኖ ይታያል። ቅደም ተከተሉም ተዘበራርቋል። (ከጎንደር)

መልስ፦ የመጀመሪያው የቴፑ ፊደል ጉዳይ ነው። ሲዲው አማርኛውን በትክክል ይዞታል፤ ጆሊዬት የሚባለው አቀማመጥ የፋይል ስም እስከ 64 ምልክት ድረስ ያስቀምጣል። ኮምፒውተር ላይ ቢከፍቱት ስሙ እንዳለ ያዩታል። የቴፑ ማሳያ ቺፕ ግን የላቲን፣ ለጃፓን ከተሠራም የጃፓንኛ ፊደል ብቻ ተቀርጾበት ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ሀ እና ለ የሚባል ቅርጽ የለውም፤ በኋላም አይጨመርለትም። በላቲን ፊደል ከመጻፍ ሌላ መላ የለም። ነጠላ ጭረት፣ ነጥብ ያለበት ፊደል፣ ቅንፍ የመሳሰሉትን ሳይጨምሩ ተራውን ፊደል ይጠቀሙ። ትንንሽ ማሳያ ያላቸው ቴፖች 8 ወይም 12 ፊደል ብቻ ስለሚያሳዩ የዘፋኙን ስም ለፎልደሩ፣ የዘፈኑን ስም ለፋይሉ ይስጡ።

የፋይሉን ስም ቀይረውም ሳጥኑ ካልጠፋ ቴፑ የሚያሳየው የፋይሉን ስም ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ የተደበቀውን መለያ፣ አይዲ3 የሚባለውን ነው። ኤምፒ3ታግ በሚባለው ፕሮግራም ይክፈቱትና በላቲን ይጻፉት። ሲያስቀምጡም ስሪት 2.3 ይሁን፤ 2.4 ለብዙ የቆዩ ቴፖች ባዕድ ነው። መለያውን ጨርሶ ማጥፋትም ይቻላል፤ ያኔ ቴፑ ወደ ፋይሉ ስም ይመለሳል።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ በቁጥር ይስተካከላል። ቴፑ ቁጥርን እንደ ቁጥር አያነብም፤ እንደ ፊደል ነው የሚደረድረው። 1፣ 2፣ 10 ብለው ከጻፉ 1፣ 10፣ 2 ሆኖ ይሄዳል። 01፣ 02፣ 10 ብለው ይጻፉ። ፎልደሩ ከ99 በላይ ከያዘ 001 ብለው ይጀምሩ። ፎልደሮቹንም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ሲዲው ይጫወታል፤ ነገር ግን ከ100 ዘፈን ውስጥ 20 የሚሆኑትን እየዘለለ ያልፋቸዋል። ሁሉም መጨረሻቸው ኤምፒ3 ይላል። አንዳንዶቹን ከቴሌግራም፣ አንዳንዶቹን ከድሮ የአይቱንስ ግዢዬ ነው ያገኘሁት። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ «መጨረሻቸው ኤምፒ3 ይላል» የሚለው አባባል ነው ያጠራጠረን። ስም መቀየር ፋይል አይቀይርም። ከቪዲዮ ላይ የተወሰደ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ኤኤሲ ወይም ኦፐስ በሚባል ዘዴ የታመቀ ነው። ያወረደው ሰው በስልኩ ላይ መጨረሻውን «ኤምፒ3» ብሎ ቀይሮት ይሆናል። ስልክና ኮምፒውተር ስሙን ትተው ውስጡን አይተው ስለሚያጫውቱ አያስታውቅም። ቴፑ ግን ስሙን አምኖ በኤምፒ3 ሊፈታው ይሞክራል፤ ሲያቅተው ይዘላል፣ ከባሰም ይንጫጫል። ሚዲያኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እነዚያን 20 ፋይሎች አንድ በአንድ ይክፈቱ፤ «ፎርማት» በሚለው መስመር ላይ «ኤምፔግ ኦዲዮ» ካላለ ኤምፒ3 አይደለም።

መፍትሔው በእውነት መቀየር ነው። ፉባር2000 ወይም ኦዳሲቲ ይሠራል። 44.1 ኪሎኸርዝ፣ ስቴሪዮ፣ ቋሚ 192 ኪሎቢት በሰከንድ ይምረጡ። 320 መምረጥ ሲዲውን ከመሙላት በቀር አይጠቅምም፤ የመጣበት ፋይል ራሱ 128 ከሆነ ማን ይጨምርለታል?

የአይቱንሱ ነገር ሌላ ነው። አፕል የሚሸጠውን ሙዚቃ ከመቆለፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በፊት የገዙት ፋይል ቁልፍ ካለበት ስሙን ቢቀይሩትም ቢገለብጡትም ሌላ ማጫወቻ አይከፍተውም። በአይቱንስ ራሱ ኦዲዮ ሲዲ አድርገው መጻፍ ግን የተፈቀደ ነው። ከዚያ ሲዲ ላይ መልሰው ወደ ኤምፒ3 ይገልብጡት።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች እንጨምር። ዘፈኑ ሲጀምር ሦስት አራት ሰከንድ ዝም የሚል ከሆነ ፋይሉ ውስጥ የተቀበረ ትልቅ የአልበም ፎቶ ይኖራል፤ ቴፑ ያን ሁሉ አልፎ ነው ድምፁ ጋ የሚደርሰው። በኤምፒ3ታግ ያውጡት። የደቂቃ ቆጣሪው የሚዘል ወይም የተሳሳተ ርዝመት የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ መጠኑ በሚለዋወጥ ቢት የታመቀ ነው። ጆሮ ላይ ጉዳት የለውም፤ ይለፉት።

ጥያቄ፦ ሚኒባስ ነው የምነዳው። አስፋልት ላይ ደህና ነው፤ ኮረኮንች ስገባ ዘፈኑ ይዘላል። ሰሞኑን ደግሞ ቆሜም ይዘላል። ሌንስ ይጠረግ ይላሉ። (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድም፣ ከማስጠረግህ በፊት ሦስት ሙከራ አድርግ። መኪናውን አቁመህ አዲስ፣ ያልተጫረ ሲዲ ክተት። በዚያ ከሠራ ጥፋቱ የአሮጌው ሲዲ ነው። አንድ ሲዲ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚዘል ከሆነም እንዲሁ። ሁሉም ሲዲ በየቦታው የሚዘል ከሆነ ሌንሱ አቧራ ይዟል ወይም ሌዘሩ ደክሟል። ቆሞ ደህና ሆኖ ሲነቃነቅ ብቻ የሚዘል ከሆነ አገጣጠሙን እይ።

አገጣጠም ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። በኋላ የተገጠመ ቴፕ ከፊት በብረት ቀፎው ብቻ ከተያዘ ጀርባው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይርገበገባል። ከኋላው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የብሎን ቦታ አለ፤ በብረት ማሰሪያ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰር። ከ30 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ቀና ብሎ ከተገጠመም ሲዲውን የሚሸከሙት ጎማና ስፕሪንጎች በትክክል አይሠሩም።

እንዲያውም ኤምፒ3 ሲዲ ለኮረኮንች ከኦዲዮ ሲዲ የተሻለ ነው። ቴፑ አስቀድሞ አንብቦ የሚያከማችበት ሜሞሪ አለው። በ128 ኪሎቢት የታመቀ ዘፈን ከኦዲዮ ሲዲ 11 እጥፍ ያህል ስለሚያንስ፣ በዚያው ሜሞሪ 11 እጥፍ የሚረዝም ድምፅ ይጠራቀማል። ሌንሱ መንገዱን ስቶ እስኪመለስ ዘፈኑ ከተጠራቀመው ይቀጥላል። በ320 የታመቀ ከሆነ ግን ያ ትርፍ ወደ አራት እጥፍ ይወርዳል። ለሚኒባስ 128 ወይም 160 እንመርጣለን፤ ከሞተሩና ከረዳቱ ጩኸት ጋር ልዩነቱን ማንም አይሰማውም።

በሌላ በኩል የተጫረ ኤምፒ3 ሲዲ አያስታምምም። ኦዲዮ ሲዲ ላይ የጠፋችውን ናሙና ማጫወቻው ከግራና ከቀኟ ገምቶ ይሞላታል፤ ጠቅ ብላ ታልፋለች። የታመቀ ፋይል ላይ የጠፋው ቁራጭ አይገመትም፤ ዘፈኑ ይቆማል ወይም ወደ ቀጣዩ ይዘላል። ስለዚህ ሲዲውን ጠርዙን ይዘህ አውጣ። ስትጠርገው በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ በክብ አትጥረገው፤ በክብ የሄደ ጭረት የጽሑፉን መስመር ተከትሎ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ከበድ ያለው አደጋ ያለው ግን ከላይ፣ ስም በሚጻፍበት በኩል ነው። ሲዲው 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው ጽሑፉ የሚገኘው ከላይኛው ቀለም ሥር ነው። ከታች ያለ ጭረት በማለስለሻ ሊድን ይችላል፤ ከላይ የተላጠ አይመለስም። ስሙን በእስክሪብቶ ሳይሆን ለሲዲ በተሠራ ለስላሳ ማርከር ጻፍ።

ሌንሱን የሚጠርግ ብሩሽ ያለው ሲዲ በየሱቁ አለ። ለቀላል አቧራ ይረዳል፤ ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ አታሽከርክረው። ካልረዳ ቴፑ ወጥቶ፣ የላይኛው ክዳን ተከፍቶ፣ ባትሪው ተነቅሎ እያለ፣ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ ንጹሕ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥቂቱ በረጠበ የጆሮ ጥጥ ሌንሱ ሳይጫኑት ይዳሰሳል። ሌንሱ በፀጉር በሚያካክሉ ሽቦዎች ላይ ነው የተንጠለጠለው። አረቄና ሽቶ አይሞከር፤ ዘይትና ስኳር ትተው ይሄዳሉ። ባለሙያው «ሌዘሩን ከፍ ላድርግልህ» ብሎ ትንሿን ብሎን በካቻቪቴ ሊያዞር ከተነሣ አትፍቀድለት። ለጥቂት ሳምንት ይሠራል፤ ከዚያ ሌዘሩ ጨርሶ ይቃጠላል።

በክረምት ጠዋት ብቻ አላነብም የሚል ቴፕ ብዙውን ጊዜ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይዞ ነው። ማሞቂያውን ከፍተህ ግማሽ ሰዓት ታገሠው።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ስብከትና መዝሙር በአንድ ሲዲ ላይ ስንት ሰዓት ያህል ማስገባት እችላለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በ320 ኪሎቢት 5 ሰዓት፣ በ192 ስምንት ሰዓት ተኩል፣ በ128 ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። ስብከት የአንድ ሰው ድምፅ ስለሆነ በሞኖ 64 ኪሎቢት ይበቃዋል፤ ያኔ 25 ሰዓት ይደርሳል። ሆኖም ከ64 በታች አትውረጂ፤ ናሙናውንም 44.1 ላይ ተዪው። ፕሮግራሙ በራሱ ወደ 22.05 ካወረደው የቆየ ቴፕ እምቢ ሊል ይችላል። መዝሙሩን በ128 አድርጊው፤ በገናና ከበሮ ሲታመቅ ቶሎ ይጎዳል። ስብከቱ ዝቅ፣ መዝሙሩ ከፍ ብሎ እናትሽን እንዳያስደነግጥ ኤምፒ3ጌይን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሁሉንም ወደ 89 ዴሲቤል አስተካክያቸው፤ ፋይሉን ዳግም ሳያምቅ በ1.5 ዴሲቤል እርከን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። የአንድ ሰዓት ስብከት በአንድ ፋይል አታድርጊው። መኪናው ሲጠፋ ያቆመበትን የማያስታውስ ቴፕ ከሆነ ሁልጊዜ ከመግቢያው ጸሎት ይጀምራል። በአሥር በአሥር ደቂቃ ቁረጪው።

ጥያቄ፦ እየተፋቀ ደጋግሞ የሚጻፍበት ሲዲ ይሠራል? ዲቪዲስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ደጋግሞ የሚጻፍበት ብርሃን የሚመልሰው ከተራው ሲዲ-አር በጣም ያነሰ ነው፤ ከ15 እስከ 25 ከመቶ። ተራው 70 ከመቶ ገደማ ይመልሳል። የቆየ ሌንስ አያየውም። ዲቪዲ ደግሞ የሚነበበው በ650 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ነው፤ የሲዲ ቴፕ ሌዘር 780 ስለሆነ በፍጹም አያነበውም። የዲቪዲ ምልክት ያለበት ቴፕ ካለዎት ግን በ4.7 ጊጋባይቱ ላይ በ128 ኪሎቢት ከ80 ሰዓት በላይ ይገባል፤ የፋይል ቁጥር ገደቡ ቀድሞ ካልያዘዎት።

ጥያቄ፦ ሲዲው ውስጥ ቀረ። አይወጣም፣ አይጫወትም። (ከጅማ)

መልስ፦ ቢላ፣ ማበጠሪያ፣ ሌላ ሲዲ አይግባበት። ቁልፉን አዙረው የማስወጫውን ቁልፍ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ ብዙ ቴፕ በግድ የማስወጣት ትእዛዝ አለው። ካልሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ በቁጥር 10 ቁልፍ ፈትተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። መልሰው እንዳሰሩ ወዲያው ማስወጫውን ይጫኑ። ግን አስቀድመው የቴፑ ኮድ በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከአውሮፓ የመጡ ብዙ መኪኖች ባትሪ ሲነቀል ኮድ ይጠይቃሉ። ሲወጣ ሲዲውን ይመልከቱት። የወረቀት ስም የተለጠፈበት ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ በሙቀት ሙጫው ይለቅና ሮለሩ ላይ ይጣበቃል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የዋለ ሲዲም ይጎብጥና አይወጣም። 8 ሴንቲሜትር የሆነችውን ትንሿን ሲዲ ደግሞ በቀጭን መክተቻ ውስጥ አይሞክሯት።

ጥያቄ፦ ሲዲ ሰለቸኝ። ቴፑን ሳልቀይር ከስልክ ወይም ከፍላሽ መስማት እችላለሁ? ቴፑ ከጃፓን የመጣ ነው፤ ሬዲዮውም ሸገርን አይዝም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ፊቱ ላይ ወይም ኮመዲኖው ውስጥ «ኦክስ» የሚል 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ካለ የአንድ ገመድ ጉዳይ ነው። ከሌለ የቴፑን ጀርባ ያሳዩ። የሲዲ ቼንጀር (ብዙ ሲዲ ይዞ እየቀያየረ የሚያጫውት ሣጥን) መሰኪያ ካለው እዚያ ላይ የሚሰካ የፍላሽ አስማሚ ይሸጣል። ቴፑ ቼንጀር የተገጠመለት ይመስለዋል፤ ፎልደሮቹንም እንደ ሲዲ 1፣ ሲዲ 2 ይቆጥራቸዋል። ድምፁ በገመድ ስለሚመጣ ጥሩ ነው። ሲገዙ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ይዘው ይሂዱ፤ የመሰኪያው ቅርጽ ይለያያል። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት ያድርጉት፤ ኤክስፋትና ኤንቲኤፍኤስ ለቆየ መሣሪያ አይነበቡም። ዊንዶውስ በራሱ መስኮት ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነን ፍላሽ በፋት32 ስለማያዘጋጅ 16 ወይም 32 ይግዙ።

የመጨረሻው አማራጭ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካው ኤፍኤም ትራንስሚተር ነው። ድምፁ ከሁሉም ያንሳል፣ ግን ርካሽ ነው። የጃፓን ሬዲዮ ሸገርን የማይዘው ስለተበላሸ አይደለም። ለጃፓን የተሠሩት ቆየት ያሉት ሬዲዮዎች ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው የሚይዙት፤ የእኛዎቹ ጣቢያዎች 97.1፣ 98.1፣ 102.1 እያሉ ከዚያ በላይ ናቸው። ትራንስሚተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ87.5 ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው። 88 አካባቢ ጸጥ ያለች ቦታ ፈልገው ሁለቱንም እዚያ ላይ ያስተካክሉ። ባንድ የሚያሸጋግር ትንሽ መሣሪያ በአንቴናው ገመድ ላይ ካስገጠሙ ሸገርንም ይሰማሉ። የቴፑ ቁጥር ግን 102.1 አይልም። መሣሪያው የሚቀንሰውን ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል፤ 20 የሚቀንስ ከሆነ ሸገርን 82.1 ላይ ይፈልጉታል።